ስምንት ቡድን በሰንጠረዡ ላይ፣ አሥር ቡድን በሩ ላይ፦ የፓክ 12 የ2023 የውድድር ዘመን

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሁለተኛ ሳምንት አሶሺየትድ ፕሬስ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን የፉትቦል ቡድኖች ደረጃ ሲያወጣ፣ ከምርጥ 25ቱ ውስጥ ስምንቱ የአንድ ኮንፈረንስ አባላት ነበሩ። ይህ ኮንፈረንስ የአገሪቱን ምዕራባዊ ክፍል የሚያካትተው ፓክ 12 ሲሆን፣ ከመቶ ዓመት በላይ በዘለቀው ታሪኩ ይህን ያህል ቡድን በአንድ ጊዜ አስመዝግቦ አያውቅም ነበር። በዚያው ሳምንት ግን ከአሥራ ሁለቱ አባል ዩኒቨርሲቲዎች አሥሩ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌሎች ኮንፈረንሶች እንደሚሄዱ በይፋ አሳውቀው ጨርሰዋል። የዘመኑ ውድድር ሲጀመር መጨረሻው ታውቆ ነበር ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊግ የሚበተነው አብዛኛውን ጊዜ ውጤት ሲጠፋ፣ ተመልካች ሲሸሽና ዕዳ ሲከመር ነው። ፓክ 12 ግን በሜዳ ላይ እጅግ በጠነከረበት ዓመት ፈረሰ። ለምን ቢባል ብዙዎች ወዲያው የሚሰጡት መልስ «ገንዘብ» የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ብዙም አያስረዳም። የትኛው ገንዘብ፣ ማን አቅርቦት ማን እንቢ እንዳለው፣ መቼና በምን ስሌት እንደሆነ ካልታየ፣ በሜዳው ላይ የተደረገው ነገር ለምን ከውሳኔው ጋር እንዳልተገናኘ አይገባም። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ያ የውድድር ዘመን ከዚህ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ ማስረጃ ነው በሚል ነው፦ የአንድ ቡድን ዕጣ በቡድኑ ጥንካሬ የሚወሰንበት ጊዜ ያለፈ ይመስላል።

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ሥርዓቱን ባጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። እዚህ ፉትቦል የምንለው አሜሪካኖች ሞላላውን ኳስ በእጅ እየያዙ፣ እየወረወሩና እየተጋፉ የሚጫወቱትን ነው። በአገሪቱ ከባለሙያዎቹ ሊግ ቀጥሎ ብዙ ሕዝብና ብዙ ገንዘብ የሚስበው የዩኒቨርሲቲዎቹ ውድድር ነው። ስድሳና ሰባ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ያላቸው፣ ለአሰልጣኝ በዓመት ሚሊዮኖች የሚከፍሉ ዩኒቨርሲቲዎች ኮንፈረንስ የሚባል ማኅበር ይመሠርታሉ። ኮንፈረንሱ የጨዋታ መርሐ ግብር ያወጣል፣ የራሱን ሻምፒዮን ይሸልማል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የአባላቱን የቴሌቪዥን ስርጭት መብት በጅምላ ሸጦ ገቢውን ያከፋፍላል።

ይህ የመጨረሻው ሥራ ሁልጊዜ የኮንፈረንሶች አልነበረም። ቀድሞ የትኛው ጨዋታ በቴሌቪዥን እንደሚታይ የሚወስነው ኤንሲኤኤ የተባለው አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት አካል ነበር። የኦክላሆማና የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዎች ከስሰውት ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1984 በ7 ለ 2 ድምፅ ቁጥጥሩ ነፃ ውድድርን የሚያፍን ሕገ ወጥ ተግባር ነው ሲል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ለራሱ ነጋዴ ሆነ። ዛሬ የሚታየው መፈናቀል ሁሉ ሥሩ ቢቆፈር እዚያ ውሳኔ ላይ ያርፋል።

ፓክ 12 በዚህ ገበያ ውስጥ ሲገባ ባለ ታሪክ ነበር። በዲሴምበር 1915 በፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ በአራት ተቋማት ተመሠረተ፤ እነሱም የካሊፎርኒያ፣ የዋሽንግተንና የኦሪገን ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም ዛሬ ኦሪገን ስቴት የሚባለው የግብርና ኮሌጅ ናቸው። በ1950ዎቹ ለተጫዋቾች በድብቅ ገንዘብ ይከፈል እንደነበር ተጋልጦ በ1959 ማኅበሩ አንድ ጊዜ ፈርሷል። ከፍርስራሹ የተነሡት አምስት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ማኅበር አቋቁመው ቀስ በቀስ የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን መለሱ፤ በ1978 ሁለቱ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲዎች፣ በ2011 ደግሞ ኮሎራዶና ዩታ ሲገቡ የአባላቱ ቁጥር አሥራ ሁለት ሞላ። በዚያ የመጀመሪያ መፍረስ ወቅትም ለጥቂት ዓመታት በረንዳ ላይ የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪገን ስቴት እንደነበሩ ልብ ይሏል። ኦሪገን ስቴት ያኔ ከጎረቤቱ ከኦሪገን ጋር ነበር የቀረው፤ በ2023 ግን ኦሪገን አብሮት አልቆየም።

የመውደቁ ምክንያት የጀመረው ብዙዎች እንደ ድል ባከበሩት ውል ነው። ከሴቶች የቴኒስ ማኅበር መሪነት የመጣው የኮንፈረንሱ ኮሚሽነር (መሪ) ላሪ ስኮት በ2011 ከቴሌቪዥን ኩባንያዎቹ ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር ለ12 ዓመታት የሚቆይ፣ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ስምምነት ፈረመ፤ በጊዜው ከእሱ የሚበልጥ አልነበረም። በላዩም ኮንፈረንሱ ሙሉ በሙሉ የራሱ የሆነ የቴሌቪዥን ጣቢያ አቋቁሞ በ2012 ሥራ አስጀመረ። ሌሎቹ ኮንፈረንሶች ጣቢያ ሲከፍቱ ከፎክስ ወይም ከኢኤስፒኤን ጋር ተሻርከው ስለነበር፣ ሸሪካቸው በኬብልና በሳተላይት አከፋፋዮች ላይ ያለውን ጡንቻ ይጠቀሙ ነበር። ፓክ 12 ብቻውን ቆመ። በወቅቱ ትልቁ የሳተላይት አከፋፋይ ዳይሬክቲቪ ጣቢያውን ለመያዝ ሳይስማማ ዓመታት አለፉ፤ በዚህም የተነሣ በሎስ አንጀለስ የሚኖር ደጋፊ የሰፈሩን ቡድን ጨዋታ በቤቱ ማየት የማይችልበት ቅዳሜ ብዙ ነበር። ነፃነቱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፤ በሥራ ላይ ግን ገቢውን አሳነሰው። ውሉ ራሱ ረጅም መሆኑ ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ፤ የስፖርት ስርጭት ዋጋ በየዓመቱ ሲንር የፓክ 12 አባላት በ2011 ዋጋ ታስረው ተቀመጡ።

ጂኦግራፊውም አልረዳም። በፓስፊክ ሰዓት ከምሽቱ 1፡30 የሚጀመር ጨዋታ ኒው ዮርክ ላይ ከምሽቱ 4፡30 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11፡30። የአሜሪካ ሕዝብ አብዛኛው በምሥራቁና በመካከለኛው የሰዓት ክልል ስለሚኖር፣ የቡድኖቹን ደረጃ በድምፅ የሚወስኑት ጋዜጠኞች ሳይቀሩ የምዕራቡን ጨዋታ ጨርሰው ሳያዩት ይተኛሉ የሚለው ቅሬታ የቆየ ነው። በዚያን ጊዜ አራት ቡድን ያሳትፍ በነበረው አገር አቀፍ የፍጻሜ ውድድርም ኮንፈረንሱ በ2014 በኦሪገን፣ በ2016 በዋሽንግተን ከተወከለ በኋላ እስከ 2022 ድረስ አንድም ቡድን አላስገባም። ይህ ድርቅ ዋጋውን እንደቀነሰው አያጠራጥርም፤ ስለዚህ ሜዳው ምንም ሚና አልነበረውም ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል።

በጁን 30፣ 2022 በአጭሩ ዩኤስሲ የሚባለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና ዩሲኤልኤ የሚባለው በሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ2024 ጀምሮ ወደ ቢግ ቴን እንደሚሄዱ ተሰማ። ቢግ ቴን ማዕከሉ ከሚቺጋንና ከኦሃዮ ያልራቀ የመካከለኛው ምዕራብ ኮንፈረንስ ሲሆን፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር የሰባት ዓመትና ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል አሰረ። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሲወጡ ፓክ 12 የሎስ አንጀለስን ገበያ አጣ፤ የስርጭት ኩባንያ ለምዕራቡ ጠረፍ ከሚከፍለው ብር ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚያመጣው ደግሞ ይኸው ከተማ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ከባድ ቢሆንም የሚያፈርስ አልነበረም። ያፈረሰው ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ነው። ስኮትን በ2021 የተካው ጆርጅ ክሊያቭኮፍ ከኤምጂኤም ሪዞርትስ የመዝናኛ ኩባንያ የመጣ ነበር። በስፋት እንደተዘገበው ኢኤስፒኤን በ2022 መጸው ለእያንዳንዱ ቀሪ ዩኒቨርሲቲ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲያቀርብ፣ የዩኒቨርሲቲዎቹ ፕሬዚዳንቶች 50 ሚሊዮን ይሁን ብለው መለሱ፤ ኢኤስፒኤንም ከድርድሩ ወጣ። በዚያው ሰሞን በታሪኩም በዝናውም ከፓክ 12 ያንስ የነበረው ቢግ 12 የተባለው ኮንፈረንስ ከፎክስና ከኢኤስፒኤን ጋር በፍጥነት ተዋውሎ ለአባላቱ በአማካይ ወደ 31.7 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገቢ አረጋገጠ። ገንዘቡም፣ የስርጭት ሰዓቱም ተወሰደ። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፦ የቴሌቪዥን ኩባንያዎችን ስግብግብነት መውቀስ ይቀላል፣ ነገር ግን 30 ሚሊዮኑን የገፉት በምርምር ሥራቸው ዓለም የሚያከብራቸው ተቋማት መሪዎች ናቸው፤ ገበያውን ሳያነቡ ስማቸውን ተማምነው ዋጋ ጠሩ።

በጁላይ 27፣ 2023 ኮሎራዶ ወደ ቢግ 12 መመለሱን አስታወቀ። ክሊያቭኮፍ በቀጣዩ ሳምንት ለአባላቱ ይዞ የመጣው አማራጭ ከአፕል ጋር የሚደረግ ውል ነበር፤ መነሻ ክፍያው በዘገባዎች መሠረት ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚገመት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ስንት ሰው በክፍያ እንደሚመዘገብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጨዋታው ሁሉ ከመደበኛ ቴሌቪዥን ወጥቶ በኢንተርኔት መተግበሪያ ብቻ የሚታይ ይሆናል። በኦገስት 4 ጠዋት ቀሪዎቹ ዘጠኝ አባላት የስርጭት መብታቸውን ለኮንፈረንሱ የሚያስረክቡበትን ሰነድ ይፈርማሉ ተብሎ ሲጠበቅ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን ሄዱ። ቀኑ ሳያልቅ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ተሻገሩ። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ደግሞ በሴፕቴምበር 1፣ ከፓስፊክ ጠረፍ ተነሥተው የአትላንቲክ ጠረፍ ኮንፈረንስ አባል ለመሆን ተቀባይነት አገኙ። ኦሪገንና ዋሽንግተን እንኳ በአዲሱ ቤታቸው ሙሉ ድርሻ አላገኙም፤ ከነባሮቹ ግማሽ ገደማ የሆነ፣ ወደ 30 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ መነሻ ተቀብለው ገቡ። ይህ ቁጥር በ2022 ኮንፈረንሳቸው «ያንሰናል» ብሎ ከመለሰው ጋር እኩል መሆኑ ምን ያህል ሰው ዘንድ እንደታወሰ እንጃ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኳሱ የተጀመረው።

የመጀመሪያው ወሬ ኮሎራዶ ነበር። በ2022 ከ12 ጨዋታ አንዱን ብቻ ያሸነፈው ቡድን የቀድሞውን የባለሙያዎች ሊግ ኮከብ ዲዮን ሳንደርስን አሰልጣኝ አድርጎ፣ ተጫዋቾቹን ከሞላ ጎደል ቀይሮ፣ በሴፕቴምበር 2 ቲሲዩን (የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን) በሜዳው 45 ለ 42 አሸነፈ። ያ ቡድን የቀደመውን ዓመት አገር አቀፍ ፍጻሜ የተጫወተ ስለነበር አገር ተናወጠ። ሦስት ጨዋታ አከታትሎ ካሸነፈ በኋላ ግን ኦሪገን በዩጂን ከተማ 42 ለ 6 አስታገሰው፤ በኦክቶበር ደግሞ ስታንፎርድ 29 ለ 0 ከተመራበት ጨዋታ ተነሥቶ በሁለተኛው ተጨማሪ ጊዜ 46 ለ 43 ረታው። ኮሎራዶ በ4 ድልና በ8 ሽንፈት ጨረሰ። የቴሌቪዥን ካሜራ ግን እስከ መጨረሻው አልተለየውም፤ ይህም በራሱ ስለ ዘመኑ የሚናገረው አለ።

የዘመኑ ልብ ያለው በኦክቶበር 14 ሲያትል ላይ በተደረገው ጨዋታ ነው። በደረጃ ሰባተኛው ዋሽንግተን ስምንተኛውን ኦሪገንን በሐይቅ ዳር በሚገኘው ስታዲየሙ አስተናገደ። በፉትቦል አጥቂው ቡድን 10 ያርድ (አንድ ያርድ ከሜትር በጥቂቱ ያንሳል) ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ በአራተኛው ሙከራ አብዛኛው አሰልጣኝ ወይ ኳሱን በእግር አስመትቶ ያርቃል፣ ወይ ለግቡ ከቀረበ በቋሚዎቹ መካከል አስመትቶ ሦስት ነጥብ ይይዛል። የኦሪገኑ አሰልጣኝ ዳን ላኒንግ ይህን ልማድ የማይወድ ሰው ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ መጨረሻ ከግቡ ደጃፍ ላይ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከ8 ያርድ ላይ፣ ሦስት ነጥብ እጁ ላይ እያለ ሁለቱንም ጊዜ በአራተኛው ሙከራ ሙሉ ነጥብ ፈለገ፤ ሁለቱም ከሸፉ። ሁለት ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሲቀር ኦሪገን 33 ለ 29 እየመራ ኳሱ በዋሽንግተን 47 ያርድ መሥመር ላይ ነበር። ሦስት ያርድ ይቀራል፤ አራተኛ ሙከራ። ላኒንግ ኳሱን ከማራቅ ይልቅ ሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፤ አልተሳካም።

ዋሽንግተን ለአጸፋው ሁለት ኳስ ብቻ ነበር ያስፈለገው። ግራኙ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ማይክል ፔኒክስ የመጀመሪያውን ለጃሊን ፖልክ በ35 ያርድ ወረወረ፤ ሁለተኛውን ደግሞ በ18 ያርድ ለሮም ኦዱንዜ በግቡ ጥግ አስገባለት። ኦሪገን በመጨረሻዋ ሴኮንድ ከ43 ያርድ የመታው ኳስ ወደ ጎን ወጣና ጨዋታው 36 ለ 33 አለቀ። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ነው፤ ላኒንግ ያልወሰዳቸው ደግሞ ስድስት። ያም ሆኖ ውሳኔው ከንቱ ነበር ለማለት አይቀልም፤ ሦስት ያርድ ቢያገኝ ጨዋታው እዚያው ያበቃ ነበር፣ ኳሱን ቢያርቅም የሚያርቅለት ለፔኒክስ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች በዲሴምበር 1 በላስ ቬጋስ ለኮንፈረንሱ ዋንጫ እንደገና ተገናኙ። ኦሪገን ከዚያ ሽንፈት በኋላ ሁሉንም እየረመረመ ስለመጣ፣ ያልተሸነፈው ዋሽንግተን ሳይሆን እሱ እንደሚያሸንፍ ነበር የተገመተው። ዋሽንግተን 20 ለ 3 መራ፤ ኦሪገን 24 ለ 20 ቀደመ፤ ዋሽንግተን መልሶ 34 ለ 31 አሸነፈ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሁለቱም የማይኖሩበት ኮንፈረንስ ዋንጫውን እንዲህ ባለ ጨዋታ ሰጠ። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ሲመረጥ ፔኒክስ ሁለተኛ፣ የኦሪገኑ ቦ ኒክስ ሦስተኛ ሆኑ፤ በቀደመው ዓመት ሽልማቱን የወሰደው ኬለብ ዊሊያምስም በዚያው ኮንፈረንስ በዩኤስሲ ይጫወት ነበር። ሦስቱም በ2024 የባለሙያዎች ሊግ ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚወስዱበት ምርጫ ከመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ተወስደዋል፣ ዊሊያምስ አንደኛ ሆኖ።

ዋሽንግተን በጃንዋሪ 1፣ 2024 ቴክሳስን 37 ለ 31 ረትቶ ለአገር አቀፉ ፍጻሜ ቀረበ። ሂውስተን ላይ ሚቺጋን 34 ለ 13 አሸነፈው። ተጋጣሚው የቢግ ቴን ሻምፒዮን፣ ማለትም ዋሽንግተን በዚያው ዓመት የሚቀላቀለው ኮንፈረንስ ባለ ዋንጫ ነበር። በአራት ቀን ውስጥ አሰልጣኙ ኬለን ዲቦር ወደ አላባማ ሄደ።

ስለ አሸናፊዎቹ ይህን ያህል ከተባለ፣ የቀሩትን ሁለት ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። ዋሽንግተን ስቴት የሚገኘው ከሲያትል በመኪና ብዙ ሰዓት በሚያስኬደው የስንዴ አገር፣ ፑልማን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኦሪገን ስቴትም ኮርቫሊስ በምትባል የተማሪ ከተማ ውስጥ ነው። በሴፕቴምበር 23 ሁለቱ ፑልማን ላይ ሲገናኙ ሁለቱም በምርጥ 25 ውስጥ ነበሩ፣ ሁለቱም አልተሸነፉም ነበር፤ ዋሽንግተን ስቴት 38 ለ 35 አሸነፈ። ማንም የማይፈልጋቸው ሁለት ቡድኖች በዚያ ሳምንት ከአብዛኞቹ ተፈላጊዎች የተሻሉ ነበሩ። ኖቬምበር ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የግዛቲቱ ደርቢ ዋሽንግተን ስቴት ያልተሸነፈውን ዋሽንግተንን እስከ መጨረሻው ታገለ። ውጤቱ 21 ለ 21 ሆኖ ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ሲበልጥ በቀረበት ሰዓት፣ ዋሽንግተን ከራሱ 29 ያርድ መሥመር ላይ በአራተኛ ሙከራ አንድ ያርድ አጥሮት ሳለ፣ ዲቦር ኳሱን ከማራቅ ይልቅ ለተቀባዩ ኦዱንዜ በጎን አስሮጠው፤ 23 ያርድ ሄደ። ግሬዲ ግሮስ የተባለው መቺ ሰዓቱ ሲያልቅ ከ42 ያርድ አስገብቶ 24 ለ 21 ሆነ። ያ ሩጫ ቢከሽፍ የኮንፈረንሱ ሻምፒዮን ሽንፈት ያልቀመሰ አይሆንም፣ ምናልባትም የፍጻሜውን ውድድር ባላየ ነበር። በፑልማንና በሲያትል መካከል ያለው የሜዳ ልዩነት አንድ ያርድ ነበር። በስርጭት ገበያው ያለው ልዩነት ግን አንዱን ወደ ቢግ ቴን ልኮ ሌላውን ሜዳ ላይ ትቶታል።

ኦሪገን ስቴትን በዚያው ሰሞን የደረሰበት የባሰ ነው። ኖቬምበር 24 በኦሪገን 31 ለ 7 ተሸነፈ፤ በማግሥቱ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ቡድኑን ያነሣው አሰልጣኝ ጆናታን ስሚዝ ወደ ሚቺጋን ስቴት መሄዱ ተነገረ።

አንዳንዶች «ይህ ጥንካሬ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢመጣ ኮንፈረንሱ ይድን ነበር» ይላሉ። መከራከሪያው ማራኪ ቢሆንም መዝገቡ አይደግፈውም። ድርድሩ በሚካሄድበት በ2022 የውድድር ዘመን ዋሽንግተንና ዩኤስሲ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ጊዜ፣ ኦሪገን፣ ዩታና ኦሪገን ስቴት ደግሞ አሥር አሥር ጊዜ አሸንፈዋል። ጥራቱ በገዢዎቹ ዐይን ፊት ነበር። ገዢዎቹ የሚመዝኑት ግን የሚመጣውን ዓመት ውጤት አይደለም፤ በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሚሊዮን ሰው ቴሌቪዥኑን እንደሚከፍት ነው፣ ይህም የሚወሰነው በከተማ ስፋት፣ በተመራቂ ብዛትና በቆየ ስም ነው። ለዚህ ሁነኛ ምስክር ዩኤስሲ ነው፤ በ2023 ከኮንፈረንሱ መሪዎች ርቆ በስምንት ድልና በአምስት ሽንፈት ሲጨርስ፣ በሁሉም ዘንድ ተፈላጊነቱ አልቀነሰም። ኦሪገን ስቴትም በዚያው ዓመት ስምንት አሸንፎ አምስት ተሸነፈ። አኃዙ አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ተለያየ።

የቀሩት ሁለቱ አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ የኮንፈረንሱ መተዳደሪያ ደንብ። ደንቡ ከኦገስት 2024 በፊት መውጣቱን ያሳወቀ አባል በቦርዱ ድምፅ አይኖረውም ይላል። አሥሩ ተሰናባቾች ይህ አይመለከተንም ቢሉም፣ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ከዚያም ኮሎራዶ መውጣታቸውን ሲናገሩ ከቦርድ ስብሰባ የተገለሉት በዚሁ አንቀጽ ስለነበር መልሳቸው አላዋጣም። በዋሽንግተን ግዛት የዊትማን አውራጃ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2023 ቦርዱ የሁለቱ ነው ሲል ጊዜያዊ እግድ ሰጠ፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በዲሴምበር ጉዳዩን አላይም አለ። በመጨረሻ በስምምነት ሲፈታ እያንዳንዱ ተሰናባች ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ትቶ ወጣ፤ ስሙ፣ ቀሪ ንብረቱና ቀሪ ዕዳው ለሁለቱ ሆነ።

ከዚያ የሆነው ነገር ለተበዳይ የሚያዝንን ሰው ሳይቀር ግራ ያጋባል። ሁለቱ በ2024 ለመጫወት ከማውንቴን ዌስት ኮንፈረንስ ጋር በ14 ሚሊዮን ዶላር የጨዋታ ውል ገቡ፤ ውሉም አባላቱን ቢወስዱ መቀጫ እንዲከፍሉ ያስገድዳል። በዚያው ሴፕቴምበር ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬስኖ ስቴትን፣ ሳን ዲዬጎ ስቴትንና ዩታ ስቴትን ከዚያው ኮንፈረንስ ወሰዱ፤ 55 ሚሊዮን ዶላር የሚደርሰው መቀጫም ሕገ ወጥ ነው ብለው ከሰሱ። በ2025 ቴክሳስ ስቴት ተጨምሮ ለፉትቦል የሚያስፈልገው የስምንት አባል ቁጥር ሞላ፤ አዲሱ ፓክ 12 ከጁላይ 2026 ጀምሮ በዚህ መልክ እንዲሠራ ተወሰነ።

የሄዱት በሜዳ አልከሰሩም። ኦሪገን በ2024 በመጀመሪያ ዓመቱ ሳይሸነፍ የቢግ ቴን ሻምፒዮን ሆነ፤ አሪዞና ስቴት የቢግ 12ን ዋንጫ ወሰደ፤ የኮሎራዶው ትራቪስ ሃንተር የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ዋጋው የተከፈለው በሌላ በኩል ነው። ዋሽንግተን አንድ ዓርብ ምሽት ረትገርስን ለመግጠም ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ገደማ አቋርጦ ኒው ጀርሲ ሄዷል፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚጓዘው የፉትቦል ቡድን ይህ ይቻላል፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለሚጫወቱት የመረብ ኳስና የሶፍትቦል ተማሪዎች ግን ከትምህርት ጋር አይሄድም። በሲያትል፣ በሎስ አንጀለስ፣ በኦክላንድና በዴንቨር አካባቢ የሚኖሩ ልጆቻቸውን ወደነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች የላኩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ጉዳዩ ከእነሱ የራቀ አይደለም። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ለሰባት ዓመት ከስርጭት ገቢው 30 በመቶውን ብቻ ለመቀበል ተስማምተው ነው የገቡት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት አስተዳዳሪዎችም የዩሲኤልኤ መውጣት በእህት ተቋሙ በበርክሌይ (እስካሁን ካሊፎርኒያ ባልነው) ላይ ላደረሰው ጉዳት፣ ዩሲኤልኤ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስነዋል። አንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለሌላው ካሣ ይከፍላል ማለት ነው።

የገቢው ልዩነት እስካሁን የሕንፃና የደመወዝ ልዩነት ነበር። ከ2025 ወዲህ ግን ወደ ተጫዋቾቹ ወርዷል። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን በጁን 2025 ያጸደቁት የኤንሲኤኤ የክስ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቀጥታ ለተጫዋቾች እንዲከፍሉ ይፈቅዳል። ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው፤ እዚያ ጣሪያ የሚደርሰው ግን የቢግ ቴን ቼክ የሚመጣለት እንጂ ፑልማን ውስጥ ያለው አይደለም። ዝንባሌው ከዚያ በፊትም ታይቷል። በ2023 የዋሽንግተን ስቴት ኳርተርባክ የነበረው ካም ዋርድ ዓመቱ እንዳለቀ ወደ ማያሚ ሄዶ በ2025 የባለሙያዎች ሊግ ምርጫ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2024 የተካው ጆን ማቲርም በዓመቱ ወደ ኦክላሆማ ተሻገረ፤ አሰልጣኙ ጄክ ዲከርት ደግሞ ወደ ዌክ ፎረስት። በ2023 ሁለቱ የዋሽንግተን ቡድኖች በአንድ ያርድ ሊለያዩ የቻሉት ዋርድ ያኔ ገና ፑልማን ስለነበረ ነው።